የመጀመሪያ የስኪ ቀናችሁ እንዳይበላሽ፤ እኔ ኤንግልበርግ ላይ ያየሁት

እዚህ ስዊዘርላንድ ሉሰርን አካባቢ መኖር ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። ከነዚህ ውስጥ ስምንቱን ክረምት (ክረምት ስል የዚህን አገር ማለቴ ነው፣ ከታህሳስ እስከ መጋቢት ያለውን) በረዶን የማውቀው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ስንቀጠቀጥና የምሰራበት የአረጋውያን ቤት በር ላይ በአካፋ ሲጠረግ ብቻ ነበር። ሰኞ ሰኞ የስራ ባልደረቦቼ መነፅር ያረፈበት ብቻ ነጥቶ ሌላው ፊታቸው በፀሐይ ቀልቶ ሲመጡ የት ነበራችሁ እላለሁ፣ ተራራ ይሉኛል፣ እኔም እሺ ብዬ ወደ ስራዬ። የኛ ነገር ነው ብዬ አስቤው አላውቅም፣ ገንዘብ ላላቸው ሰዎች፣ እዚህ ለተወለዱ ሰዎች ነው የሚመስለኝ።

ልጄ አራተኛ ክፍል ስትደርስ ግን ከትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣ። ስኪላገር ይላል፣ ክፍሉ በሙሉ አንድ ሳምንት ተራራ ላይ እያደረ ስኪ (ሁለት ረዣዥም ጣውላ የመሰለ ነገር እግር ላይ አስሮ በረዶ ላይ መንሸራተት) የሚማርበት ማለት ነው። ልጅቷ ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ምንም ሳትናገር ፊቴን ታያለች። ብዙ ወላጅ እንደሚያደርገው "ታማለች" ወይ "ቤተሰብ ጋ እንሄዳለን" ብዬ ልፅፍ ብዕር አንስቼ ነበር፣ እውነቱን ነው የምነግራችሁ። የፈራሁት ብሩን ብቻ አይደለም፣ ምን እንደሆነ የማላውቀው ነገር ላይ ልጄን መላክ ነው የከበደኝ። ከዛ ለራሴ አንድ ነገር ወሰንኩ፣ እሷ ከመሄዷ በፊት እኔ ሄጄ አየዋለሁ። ይሄን የምፅፈው እንደኔ ለሆነ ሰው ነው፣ ትልቅ ሰው ሆኖ ከዜሮ ለሚጀምር፣ በተለይ የመጀመሪያዋን ቀን እንዳያበላሽ፣ ምክንያቱም እኔ አበላሽቻታለሁ።

የመጀመሪያው ጉዞዬ ከስራ ልጆች ጋር ነበር። ሁለቱም በጣም ደጎች ናቸው፣ ግን ከሦስት ዓመታቸው ጀምሮ ስኪ ላይ ያደጉ ናቸው፣ እንዴት እንደተማሩት ራሱ አያስታውሱም። "ቀላል ነው፣ ነይ ብቻ፣ እኛ እናሳይሻለን" አሉኝ። ከሉሰርን ኤንግልበርግ ባቡሩ ቀጥታ ነው፣ ሦስት ሩብ ሰዓት አይሞላም፣ መንደሩ 1,000 ሜትር ላይ ነው ያለው፣ ዙሪያውን ተራራ ብቻ። እዛው ስኪ፣ ጫማና ዱላ ተከራየሁ፣ በጎንዶላ (በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ የሚወጣ ካቢን) ትሩብሴ የሚባለው ጣቢያ ወጣን፣ እሱ 1,800 ሜትር ነው፣ ከዛ ደግሞ በወንበር ሊፍት (እሱም በገመድ ነው፣ ግን ክፍት ወንበር) ወደ ዮክፓስ ወሰዱኝ፣ ከ2,200 ሜትር በላይ። ስኪ አድርጌ ደልዳላ መሬት ላይ እንኳን አምስት እርምጃ ሳልራመድ ማለት ነው። ከወንበሩ ስወርድ ወደቅኩ፣ ያ ምንም አይደለም፣ ቀና ብዬ ወደታች ሳይ ግን ቁልቁለቱ መጨረሻ የለውም። መንገዱ ሰማያዊ (ቀላል) ነው ቀይ (ከበድ ያለ) ነው ብዬ ለመጠየቅ እንኳን አላወቅኩም። ባልደረባዬ "ጉልበትሽን እጠፊ፣ ፒዛ አድርጊ" ትለኛለች፣ ፒዛ ምን እንደሆነ አልገባኝም፣ ስኪው ሄደ፣ እኔ ወደኋላ ተንጋለልኩ፣ ወደኋላ በተንጋለልኩ ቁጥር ፍጥነቱ ይብሳል፣ ከዛ በቀኝ እጄ ላይ ወደቅኩ፣ ዱላው ማሰሪያው እጄ ላይ ነበር፣ አውራ ጣቴ ከዱላው ጋር ወደኋላ ተጠመዘዘ።

የቀረውን መንገድ ስኪዬን ተሸክሜ በፒስተው (ለስኪ በተዘጋጀው መንገድ) ጠርዝ በእግሬ ወረድኩ፣ እያለቀስኩ፣ ልክ ነው እያለቀስኩ ነው። ከትሩብሴ በጎንዶላ ወደታች ተመለስኩ። ሐኪሙ አይቶት የአውራ ጣት ጅማት ነው አለ፣ ስኪ የሚሰሩ ሰዎች ላይ በብዛት የሚታይ ስለሆነ ስሙ ራሱ "የስኪ አውራ ጣት" ነው የሚባለው። በኔ ስራ ሰው ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማልበስ አለ፣ ስለዚህ ሦስት ሳምንት ቤት ቁጭ አልኩ።

እዚህ ላይ ስለ ኢንሹራንስ ልናገር፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ለአንድ አሰሪ በሳምንት ቢያንስ 8 ሰዓት የምትሰሩ ከሆነ ከስራ ውጪ ለሚደርስ አደጋም በአሰሪያችሁ በኩል ኢንሹራንስ አላችሁ፣ ስኪም ላይ ቢሆን። ሕክምናውን ይከፍላል፣ ደሞዝም ከአደጋው በኋላ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ 80 በመቶ ይሰጣል። የሚጠበቅባችሁ ቶሎ ለአሰሪያችሁ ማሳወቅ ነው። የማትሰሩ ከሆነ ግን ክራንከንካሳችሁ (የጤና ኢንሹራንሳችሁ) ውስጥ አደጋ የሚለው መካተቱን ደብዳቤው ላይ እዩ፣ እሱም ቢሆን ከተራራ ማዳን ወጪ የሚሸፍነው ግማሹን፣ በዓመት ቢበዛ 5,000 ፍራንክ ነው፣ ሄሊኮፕተር ከመጣ ይሄ ብዙ ላይሆን ይችላል። ጣልያን ያላችሁ ወገኖች ደግሞ እዛ ከጥር 2022 ጀምሮ ፒስተ ላይ ሌላ ሰው ብትጎዱ የሚከፍል ኢንሹራንስ ሳይኖራችሁ መንሸራተት አይፈቀድም፣ ከሌላችሁ ከትኬቱ ጋር አብራችሁ መግዛት ትችላላችሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ብቻዬን ተመለስኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ኤንግልበርግ ማለት የመልአክ ተራራ ማለት ነው፣ በ1120 የተመሰረተ ትልቅ ገዳም አለ መንደሩ ውስጥ፣ ጀማሪዎች የሚማሩበት ቦታ ደግሞ ገዳሙ አጠገብ ነው፣ ክሎስተርማተ ይባላል፣ የገዳሙ መስክ እንደማለት። እንግዲህ እኔ ገዳም ሲባል ልቤ ይረጋጋል፣ ያን ቀን ጠዋት ደወሉን ስሰማ አማተብኩና ገባሁ። እዛ ተራራ የለም፣ ለስላሳ ዳገት ነው፣ ማጂክ ካርፔት የሚሉት አለ፣ ኤርፖርት ላይ ሻንጣ እንደሚሄድበት ያለ ነገር፣ ቆማችሁበት ቀስ ብሎ ወደላይ ይወስዳችኋል። ለላይኛው ተራራ ትኬት መግዛት ሁሉ አያስፈልግም፣ የታችኛውን ብቻ ነው የምትከፍሉት፣ ዋጋው አይገናኝም። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሙሉ የተራራ ትኬት መግዛት በኔ እምነት ገንዘብ መጣል ነው። የተረፈውን ለአስተማሪ ስጡት።

አስተማሪዬ ስልሳ ዓመት ያለፋት ሴት ነበረች፣ እዛው መንደር የተወለደች። ቡድን ውስጥ አምስት ነበርን፣ ሁላችንም ትልልቅ ሰዎች። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ስኪ ማድረግ አይደለም፣ ጫማዬን አየች። "ስንት ካልሲ ነው ያደረግሽው?" አለችኝ። ሁለት አልኳት፣ ወፍራም ወፍራም፣ ውስጡ ደግሞ ሱሪዬ ታጭቆ። አስወለቀችኝ። ይሄን በደንብ ስሙኝ፣ ከዚህ ሁሉ ፅሁፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ፣ የስኪ ጫማ ውስጥ የሚገባው አንድ ቀጭን እስከ ጉልበት የሚደርስ ካልሲ ብቻ ነው። ሁለት ካልሲ እግር አያሞቅም፣ ደም ነው የሚያግደው፣ እግራችሁ ይበርዳል፣ እጥፋቱ ቅልጥማችሁን ይልጠዋል፣ ጫማውም እግራችሁን አይዝም። የሱሪ ጫፍ፣ የውስጥ ሱሪም ጭምር ከጫማው ውጪ።

ጫማ አጠላለቁ እንዲህ ነው፣ ዘለበቶቹን በሙሉ ትፈታላችሁ፣ ምላሱን ወደፊት ትስባላችሁ፣ እግራችሁን ታስገቡና ተረከዛችሁን ሁለት ሦስቴ መሬት ላይ መታ መታ ታደርጋላችሁ ወደኋላ እንዲገባ፣ ከዛ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ መጀመሪያ የላይኛውን ዘለበት ትዘጋላችሁ፣ የእግር ጣት ላይ ያሉትን ላላ። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ጣታችሁ ጫፉን ነካ ያደርጋል፣ ጉልበታችሁን ስታጥፉ ይለቃል። ያ ነው ልኩ። እኔ መጀመሪያ ቀን የተከራየሁት አንድ ቁጥር የሚበልጥ ነበር፣ ስለተመቸኝ፣ ለካ እንደ ስሊፐር የሚመች የስኪ ጫማ ትልቅ ነው ማለት ነው። የኪራይ ቤት ውስጥ ቁማችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ካመማችሁ ቀይሩልኝ በሉ፣ አትፈሩ፣ ስራቸው ነው።

ኪሎና ቁመት ሲጠይቋችሁም እውነቱን ተናገሩ። ቢንዲንግ የሚባለው ጫማውን ከስኪው ጋር የሚይዘው ነገር የሚስተካከለው በኪሎ፣ በቁመት፣ በእድሜ፣ በጫማው ርዝመትና ምን ያህል ትችላላችሁ በሚለው ነው። አፍራችሁ አስር ኪሎ ከቀነሳችሁ ሳትወድቁ ይፈታባችኋል፣ እችላለሁ ብላችሁ ካጋነናችሁ ደግሞ ስትወድቁ አልፈታ ብሎ ጉልበታችሁን ይዞ ይዞራል። ጀማሪ ነኝ በሉ። ስኪው ቁመቱ አገጫችሁና አፍንጫችሁ መሀል ቢሆን ይበቃል።

ከዛ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት በአንድ ስኪ ብቻ ደልዳላው ላይ አስኬደችን፣ አንድ እግር በጫማ አንድ እግር በስኪ፣ ከዛ እግር መቀየር። እኔ መቼ ነው የምንጀምረው እያልኩ ነበር፣ በኋላ ነው የገባኝ፣ እግር በረዶው ላይ መንሸራተትን እየለመደ ነው። ቀጥሎ መውደቅ አስተማረችን። አዎ መውደቅ። ልትወድቁ መሆኑን ካወቃችሁ ወደ ጎን፣ ወደ ተራራው በኩል ቁጭ እንደማለት፣ እጅ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይዘረጋም፣ ዱላው ከእጅ ይለቀቅ። የዱላውን ማሰሪያ እጃችሁ ላይ አታስገቡ፣ የኔን አውራ ጣት አስታውሱ። ለመነሳት ደግሞ መጀመሪያ ሁለቱም ስኪዎች ከናንተ በታች በኩል እንዲሆኑ ተገላበጡ፣ ከዛ ከቁልቁለቱ ጋር መስቀለኛ አድርጓቸው፣ ወደታች ጫፋቸው ካየ ገና ሳትነሱ ይሄዳሉ፣ ከዛ በላይ በኩል በእጃችሁ ገፍታችሁ ተነሱ። ካቃታችሁ የላይኛውን ስኪ ፍቱትና ተነሱ። መልሳችሁ ስታደርጉ የታችኛውን እግር ቀድማችሁ፣ ከጫማችሁ ስር የተጣበቀውን በረዶ በዱላ ጫፍ አራግፋችሁ፣ በረዶው ካለ ቢንዲንጉ ቀጭ አይልም።

ፒዛ ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ። የስኪዎቹ የፊት ጫፍ ይቀራረባል፣ የኋላው ይከፈታል፣ የፒዛ ቁራሽ ይመስላል፣ በሰፋ ቁጥር ፍሬን ይይዛል። ግን የሚሰራው ቅልጥማችሁ የጫማውን ፊት ተጭኖ ከሆነ ብቻ ነው። አስተማሪዋ በጓንቷ ቅልጥሜ ላይ መታ መታ እያደረገች "እዚህ፣ ሁልጊዜ እዚህ ይሰማሽ" ትለኛለች። ሰው ሲፈራ ወደኋላ ነው የሚሸሸው፣ ተፈጥሮ ነው፣ ስኪ ላይ ግን ወደኋላ ከሄዳችሁ የፊቱ ይቀልልና መሪ የሌለው መኪና ነው የሚሆነው። በፈራችሁ ሰዓት ወደፊት፣ ወደ ቁልቁለቱ መጠጋት ነው ያለባችሁ። ይሄ ሰውነት እሺ እስኪል ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ለመዞር ደግሞ ወደ ግራ ከፈለጋችሁ ቀኝ እግራችሁን ተጫኑ፣ ወደ ቀኝ ከፈለጋችሁ ግራውን፣ ዓይን ደግሞ መሄድ የምትፈልጉበት ላይ እንጂ ስኪው ጫፍ ላይ አይተከል። ሦስተኛው ቀን ላይ ከላይ እስከ ታች ስድስት ጊዜ ዞሬ ቆምኩ፣ አጠገቤ የነበረ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ "ሆፕ ሆፕ!" ብሎ ጮኸልኝ፣ እስካሁን ይሰማኛል ድምፁ።

ሊፍቶቹም የየራሳቸው ባህሪ አላቸው። ካርፔቱን ነገርኳችሁ። ቲ-ባር የሚባለው ሁለት ሰው ከኋላ የሚስብ ብረት ነው፣ ትልቁ ስህተት እላዩ ላይ መቀመጥ ነው፣ አይቀመጡበትም፣ ቆማችሁ ከመቀመጫችሁ ስር ሆኖ ይገፋችኋል፣ ስኪ ቀጥ፣ ጉልበት ላላ። ከወደቃችሁ ወዲያው ልቀቁትና ከመስመሩ ወደ ጎን ውጡ፣ ከኋላ ሰው አለ። ወንበሩ ደግሞ ስትቀመጡ ብረቱን ወደታች አውርዱ፣ ስትደርሱ የስኪያችሁን ጫፍ ቀና አድርጋችሁ ተነሱና ቀጥታ ሂዱ፣ እዛው ቆማችሁ ጓንት አትፈልጉ። ያልቻላችሁ ከሆነ ሰራተኛውን እዩት፣ እጃችሁን አውጡ፣ ሊፍቱን ቀስ ያደርግላችኋል። አንድ ነገር ለእህቶቼ፣ ነጠላም ሻርፕም አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ሊፍት ላይ አትውጡ፣ ይጠመጠማል፣ አንገት የሚያሞቅ ቱቦ የመሰለ ጨርቅ አለ፣ እሱ ይሻላል። ፀጉራችሁን ደግሞ ላይ ሰብስባችሁ ካሰራችሁ ሄልሜቱ አናታችሁ ላይ ይቆማል እንጂ አይገባም፣ እንዲህ ሆኖ መውደቅ ያለ ሄልሜት መውደቅ ነው። ሹሩባውን ዝቅ አድርጋችሁ ማጅራት ላይ አስሩት ወይ በጀርባ ልቀቁት፣ ኪራይ ቤቱ ውስጥ ሄልሜቱን ከነፀጉራችሁ ሞክሩት።

ስለ ቀለሞቹ፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሰማያዊ ቀላል፣ ቀይ መካከለኛ፣ ጥቁር ከባድ ነው። ፈረንሳይ ከሰማያዊ በታች አረንጓዴም አላቸው። ሰማያዊ ሲባል ግን የሉሰርኑ አስፋልት አይደለም፣ እስከ 25 በመቶ ያዘቀዝቃል፣ በረዶው ሲጠነክር ደግሞ ሰማያዊውም ቀይ ይሆናል። ቢጫ ምልክት ያለበት መንገድ ካያችሁ እሱ በማሽን የተደለደለ አይደለም፣ ለኛ ለጀማሪ አይሆንም።

የመንገዱ ሕግ 10 ነው፣ ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ያወጣው፣ ሊፍቱ ጋ በስዕል ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። ዋናው፣ ቅድሚያ ያለው ከፊት (ከታች) ያለው ሰው ነው፣ ከላይ የሚመጣው ነው መጠንቀቅ ያለበት። ይሄን ማወቄ በጣም ነው ያረጋጋኝ፣ መጀመሪያ ላይ ከኋላ ለሚመጣው ሁሉ ልለቅ እያልኩ ነበር የምደናገጠው። የናንተ ስራ ግን መሀል መንገድ ላይ አለመቆም ነው፣ ከጉብታ ስር ደግሞ ፈፅሞ፣ ከላይ የሚመጣው አያያችሁም። ልትነሱ ስትሉ ወደላይ ተመልከቱ። ሰው ተጎድቶ ካያችሁ ከላዩ በኩል ሁለት ስኪ አጣምራችሁ እንደ መስቀል በረዶው ላይ ትከሉ፣ የሚመጣው እንዲያውቅ፣ ከዛ የፒስተ አዳኞቹን ጥሩ፣ ቁጥራቸው የፒስተ ካርታው ላይ አለ። ስዊዘርላንድ የአየር አምቡላንሱ 1414 ነው፣ የመኪናው 144፣ ስልካችሁ ውስጥ መዝግቧቸው። ስልኩን ደግሞ ከውስጥ ኪስ፣ ሰውነታችሁ አጠገብ፣ ብርድ ባትሪውን ይገለዋል።

የበረዶ ናዳ ነገር የሚያሰጋው ከተከፈተው ፒስተ ስትወጡ ነው። ዱካ አይታችሁ "ሰው ሄዷል" ብላችሁ አትከተሉ። ዳቮስ ያለው የበረዶ ምርምር ተቋም በክረምት በየቀኑ ማታ 11 ሰዓት (በነሱ 17) ላይ የአደጋውን ደረጃ ያወጣል፣ ከ1 እስከ 5። ሦስት ሲባል መሀል ስለሆነ ምንም የማይመስለው ሰው አለ፣ ብዙ ሰው የሚሞተው ግን ደረጃው ሦስት በሆነ ቀን ነው። ቲትሊስ (ከኤንግልበርግ በላይ ያለው ትልቁ ተራራ) አናቱ ላይ ደግሞ ግግር በረዶ ነው፣ ከስሩ ስንጥቅ አለው፣ ከተከለለው ገመድ አንድ ሜትር እንኳን አይወጣም።

ቲትሊስ ካልኩ አይቀር፣ ልጄን ይዤ አንድ ቀን ያለ ስኪ እስከ ላይ ወጥተን ነበር። የመጨረሻው የገመድ ካቢን እየዞረ ነው የሚወጣው፣ ከ1992 ጀምሮ ያለ ነው፣ ከዓለም የመጀመሪያው። ጣቢያው 3,000 ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል። ልጄን እንጦጦ ከዚህ አያንስም፣ አዲስ አበባ ራሷ ከትሩብሴ ትበልጣለች ስላት አላመነችኝም፣ "ታዲያ ለምን በረዶ የለም?" አለችኝ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ነው አልኳት። ያኔ ነው ስለ ሮቤል ተክለማርያም የነገርኳት፣ አዲስ አበባ ተወልዶ በ2006 ቶሪኖ ላይ በክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ የገባ የመጀመሪያው ሰው፣ 15 ኪሎሜትር ክሮስካንትሪ (የረጅም ርቀት) ስኪ ነው የተወዳደረው፣ በ2010 ቫንኩቨርም ተመልሷል። ዓይኗ እንዴት እንደበራ! ልጆቻችሁ እዚህ ካሉ ይሄን ስም ንገሯቸው።

ፀሐይን አትናቁ። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚባለው ውሸት ነው፣ እኔ አፍንጫዬና ከንፈሬ ተልጧል። በረዶ እስከ 80 በመቶ ጨረሩን መልሶ ፊት ላይ ይረጨዋል፣ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ክሬም ጠዋትም ቀትርም፣ አገጭ ስርና አፍንጫ ስር ሳይቀር፣ የከንፈር ቅባት፣ ጎግል (የስኪ መነፅር)። ደመና ቀን ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፣ ሰማዩም መሬቱም አንድ ዓይነት ነጭ ይሆንና ጉብታው ጉድጓዱ አይለይም፣ የቆማችሁ መስሏችሁ እየሄዳችሁ ይሆናል። እንደዛ ያለ ቀን ጀማሪ ታች ይቆይ።

ምግብ ላይ፣ ተራራ ላይ ያሉት ሬስቶራንቶች ውድ ናቸው። እኔ ቆሎ፣ ቴምርና ሻይ በቴርሞስ ይዤ ነው የምሄደው፣ የካቲት መጋቢት ላይ ፆም ስለሚገባ ደግሞ ላይ ከተጠበሰ ድንች ሌላ የፆም ነገር ብዙ አታገኙም። ሳይርባችሁ ብሉ፣ ሳይጠማችሁ ጠጡ። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ እግር ይደክማል፣ በረዶውም በፀሐይ ረጥቦ ይከብዳል፣ "አንዴ ብቻ ልድገም" የምትሉት ያን ሰዓት ከሆነ ይቅርባችሁ። በጎንዶላ ወደታች መመለስ ነውር አይደለም፣ እኔ እስካሁን ብዙ ጊዜ እንደዛ ነው የምወርደው።

ስኖውቦርድም አንድ ቀን ሞክሬያለሁ፣ የእህቴ ልጅ ስለሚሰራ። ጫማው ለስላሳ ነው፣ ያ ደስ ይላል፣ ግን ሁለቱም እግር አንድ እንጨት ላይ ስለሚታሰር መጀመሪያ ሁለት ቀን የምታሳልፉት በመቀመጫና በጉልበት ነው። ስኪ ጉልበትና አውራ ጣትን ነው የሚጎዳው፣ ስኖውቦርድ የእጅ አንጓን። ስለዚህ የእጅ አንጓ መከላከያ ተከራዩ፣ ስትወድቁ እጃችሁን ጨብጡ እንጂ መዳፋችሁን አትዘርጉ። ቦርዱ ሁልጊዜ በአንድ ጠርዙ ነው የሚሄደው፣ ወደ ቁልቁለቱ ያለው ጠርዝ በረዶውን ከነከሰ ሳታስቡት ነው የሚደፋችሁ። ቲ-ባር ላይም ይከብዳል፣ ደልዳላ መንገድ ላይ ደግሞ ይቆምባችኋል፣ ዱላ ስለሌለ አንድ እግር ፈትታችሁ መግፋት ነው። የእህቴ ልጅ ግን ሦስተኛው ቀን ላይ ገባው፣ ከዛ በኋላ እንደ ወፍ ነው። ምክሬ አንዱን ምረጡና ሦስት ቀን ስጡት፣ ጠዋት ስኪ ከሰዓት ቦርድ ካላችሁ ሁለቱንም አትይዙም።

አሁን ለወላጆች። ስኪላገሩ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ከሆነ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በ2017 መጨረሻ ላይ የወሰነው አለ፣ ከወላጅ መጠየቅ የሚቻለው ልጁ ቤት ስለማይበላ የሚተርፈውን የምግብ ብቻ ነው፣ በቀን ከ10 እስከ 16 ፍራንክ። በፈቃደኝነት ከሆነ ግን ከዛ በላይ ሊጠይቁ ይችላሉ፣ ያኔም አቅም ከሌላችሁ አስተማሪውን ለብቻ አናግሩት፣ እኔ አናግሬ ዕቃ ሁሉ አበድረውኛል፣ ማንም ልጄን አላሳፈራትም። ዕቃውን በቀን ከምትከራዩ ለወቅቱ በሙሉ መከራየት ይሻላል፣ ለልጅ በጣም ይረክሳል፣ መከር ላይ ነው የሚያልቀው፣ እስከ ገና አትጠብቁ። ልብስ ከብሮኪ (ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ) ወይ የስኪ ክለቦች መከር ላይ ከሚያዘጋጁት ያገለገለ ዕቃ ገበያ ግዙ፣ ጃኬትና ሱሪ እዛ እንደ አዲስ ነው። ያገለገለ ሄልሜት ግን አትግዙ፣ ወድቆ ይሁን አይሁን አይታይም። በጣም የቆየ የስኪ ጫማም ፕላስቲኩ ደርቆ ብርድ ላይ ይሰነጠቃል። ስኪ ከገዛችሁ ቢንዲንጉን ሱቅ ወስዳችሁ በልጁ ኪሎ አስተካክሉት።

ፎርሙ ላይ ምግብ የሚለው ጋ የአሳማ ሥጋ የማትበላ ከሆነ ወይ የምትፆም ከሆነ ፃፉ፣ ያከብራሉ። ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት ጥንድ ጓንት አድርጉ፣ አንዱ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ለልጄ ፀጉሯን ሐሙስ ማታ ዝቅ አድርጌ ሰራኋት፣ ሄልሜቱን አድርጋ መስታወት ፊት ቆመች፣ ልክ ገባ። ያን ሳምንት ስልክ አልደወለችም፣ እኔ ነኝ እንቅልፍ ያጣሁት። አርብ አውቶቡሱ ሲመጣ ከመስኮቱ ሆና ሦስት ጣቷን እያሳየች ነበር፣ ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ስትወርድ ነው፣ ሦስተኛ ቡድን ገብታለች፣ በቀይ ፒስተ ወርዳለች።

ዘንድሮ ከቤተክርስቲያን የማውቃቸው ሁለት እህቶች ልጆቻቸው ደብዳቤ መጥቶላቸው እንደኔ ተጨንቀው ነበር፣ እኔ ከልጆቹ በፊት እናንተን ልውሰዳችሁ አልኳቸው። የፊታችን ቅዳሜ በ1 ሰዓት ተኩሉ ባቡር እንወጣለን፣ ክሎስተርማተ፣ ጠዋት ላይ የሁለት ሰዓት ርዝመት ያለው ትምህርት ለሦስታችንም ይዣለሁ፣ እኔም እንደገና ከእነሱ ጋር ከታች እጀምራለሁ። የአንዷ ጫማ 38 ነው የሌላኛዋ 41፣ ትናንት ማታ ደውዬ ካልሲ አንድ ብቻ፣ ቀጭን፣ እስከ ጉልበት ብያቸዋለሁ።